ጦም ያደረ ቦታን ነዋሪዎች መልሰው ሲይዙት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሠፈር አጠገብ ለዓመታት የቆየ ባዶ ቦታ፣ የተዘጋ ፋብሪካ ወይም ወና ቤት ሲኖርና «አንድ ነገር እናድርግበት» የሚል ሐሳብ ሲመጣ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሚነሡት ጥያቄዎች በየአገሩ ይመሳሰላሉ። እዚህ የተሰበሰቡት እነዚያ ናቸው። መልሶቹ እኩል ርዝመት የላቸውም። ይዞታንና ጥገናን የሚመለከቱት ረዝመዋል፤ አብዛኛው ሙከራ የሚፈርሰው በእነዚህ በሁለቱ ነውና። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የተተወ ቦታ የሚባለው የትኛው ነው?

ከተማ ውስጥ ባለቤት የሌለው መሬት የለም ማለት ይቻላል። የተተወ የምንለው ባለቤት እያለው ጠባቂ ያጣውን ነው፦ ሕንፃው ፈርሶ ሜዳ የቀረ መሬት፣ ሥራ ያቆመ የፋብሪካ ግቢ፣ ባቡር የማያልፍበት ሐዲድ፣ የድልድይ ሥር፣ የተዘጋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ቆሻሻ የሚጣልበት የወንዝ ዳር፣ መስኮቱ በጣውላ የተቸነከረ ቤት።

«ማንም አይጠቀምበትም» ለማለት ግን አትቸኩሉ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበት፣ ሠራተኞች በአቋራጭ ያልፉበት፣ ማደሪያ ያጣ ሰው ሌሊቱን ይጠለልበት ይሆናል። ከስብሰባው በፊት አንድ ሳምንት በተለያየ ሰዓት ሄዶ ማየት ብዙ ያሳያል።

ቦታዎች ለምን ይተዋሉ?

ምክንያቱን ማወቅ ለወሬ ያህል ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ መፍትሔውም የሚወሰነው በእሱ ነው። ኢንዱስትሪው ከከተማ ወጥቶ የተተወ ግቢ አብዛኛውን ጊዜ የተበከለ አፈር ትቶ ይሄዳል። ባለቤቱ ግብር ሳይከፍል የጠፋበት መሬት በመጨረሻ ወደ ከተማው አስተዳደር እጅ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ይህ ለነዋሪዎች በጣም ምቹው ሁኔታ ነው። ወራሾች የሚካሰሱበት ቤት ደግሞ ፍርዱ እስኪያልቅ ድረስ የሚፈርምላችሁ ሰው ላይገኝለት ይችላል። ከሁሉም አስቸጋሪው አራተኛው ዓይነት ነው፤ ባለሀብቱ ዋጋ እስኪወጣ ድረስ ሆን ብሎ አጥሮ ያስቀመጠው መሬት። ይህኛው በመዘንጋት የቀረ ቦታ አይደለም። እናንተ ስታሳምሩት እሱ የሚጠብቀው ቀን ይቀርብለታል። በዚህ ዓይነቱ ቦታ ላይ ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ።

ባለቤቱን እንዴት እናገኛለን?

በመሬት መዝገብ፣ በግብር መዝገብ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ፣ ከዚያም በአካባቢው አዛውንቶች። በዚህ ቅደም ተከተል ብትጀምሩም ብዙ ጊዜ መልሱ የሚገኘው ከመጨረሻዎቹ ዘንድ ነው። መዝገቡ የሞተን ሰው ወይም የፈረሰን ድርጅት ስም ሊይዝ ይችላል። ጎረቤት ግን ባለቤቱ መቼ እንደሄደ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ፣ ማን ቁልፉን ይዞ እንደቀረ ያውቃል። ያገኛችሁትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ከነቀኑ መዝግቡ። ኋላ ከአስተዳደሩ ጋር ስትነጋገሩ የምትቀርቡት ቅር እንደተሰኙ ጎረቤቶች ሳይሆን ስለ ቦታው ከመሥሪያ ቤቱ የተሻለ እንደሚያውቁ ሰዎች ነው።

ያለ ፈቃድ መግባትስ?

ብዙዎቹ ዝነኛ ቦታዎች የተጀመሩት እንዲያ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በ1973 ሊዝ ክሪስቲ የምትባል የኒው ዮርክ ሠዓሊና ጓደኞቿ፣ «ግሪን ገሪላስ» በሚል ስም፣ ባወሪና ሂውስተን ጎዳናዎች በሚገናኙበት ጥግ ላይ የነበረውን ቆሻሻ የሞላበት ሜዳ አጽድተው ተከሉበት። በተከታዩ ዓመት ከተማው በወር አንድ ዶላር አከራያቸው። ቦታው ዛሬም በስሟ የሚጠራ የማኅበረሰብ የአትክልት ስፍራ ነው። በ1971 የኮፐንሃገን ወጣቶች የተለቀቀ የጦር ሠፈር አጥር ጥሰው ገብተው ክርስቲያንያ የተባለውን ራሱን የሚያስተዳድር ሠፈር መሠረቱ። በ1993 ደግሞ የስሎቬኒያዋ ሉብሊያና አርቲስቶች ሜቴልኮቫ የተባለውን የቀድሞ የዩጎዝላቪያ ጦር ሠፈር ለመጠቀም ፈቃድ ሲጠይቁ ቆይተው ማፍረሱ በድንገት ሲጀመር ገብተው ተቀመጡበት።

ነገር ግን እነዚህ የምናውቃቸው ስለተሳካላቸው ነው። በሳምንቱ የተባረሩት፣ የተከሰሱት፣ የተከሉት በግሬደር የተጠረገባቸው ስማቸው አይነሣም። የተሳካላቸውም ቢሆኑ ወደ ወረቀቱ ሳይመለሱ አልቀሩም፤ ክርስቲያንያ ከመንግሥት ጋር አርባ ዓመት ያህል ከተከራከረ በኋላ ነዋሪዎቹ ፋውንዴሽን አቋቁመው አብዛኛውን ግቢ ለመግዛት ተስማሙ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበትን ደብዳቤ ቅጂ አስቀምጡ፤ ዝምታው ከረዘመ በሕግ የማያስጠይቅ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ በአጥሩ ውጭ ያለውን የእግረኛ መንገድ ማጽዳት፣ ጀምሩ። በግል ንብረት ውስጥ መግባትን በተመለከተ የየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ የሕግ ሰው ሳያማክር የሚወስን ቡድን ዕዳው በአባላቱ ላይ እንደሚወድቅ ይወቅ።

ምን ዓይነት ውል መፈራረም ይሻላል?

ይህ ጥያቄ በስብሰባ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሲደክም፣ በአምስት ደቂቃ ይታለፋል። ግማሹን ጊዜ ሊወስድ ይገባው ነበር።

ዝቅተኛው የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው፤ ባለቤቱ በአጭር ማስጠንቀቂያ ሊያነሣችሁ ይችላል። ደካማ ቢመስልም ፈሪ ባለንብረትን የሚያግባባው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በአውስትራሊያዋ ኒውካስል በ2008 የተጀመረው «ሪኒው ኒውካስል» በመሐል ከተማ የተዘጉ ሱቆችን ለአርቲስቶችና ለጀማሪ ነጋዴዎች የከፈተው በዚህ ዘዴ ነው። ባለንብረቶች መደበኛ ኪራይ ቢፈቅዱ ተከራይ አልወጣም ይለናል ብለው ይፈሩ ነበር። በሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥና በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ ሲቀርብላቸው ግን ቁልፋቸውን ሰጡ። ለሱቅ፣ ለኤግዚቢሽን፣ ለወርክሾፕ ይሆናል። ለፍራፍሬ ዛፍ ግን አይሆንም።

ቀጥሎ የረጅም ጊዜ ኪራይ ወይም የመጠቀም መብት ይመጣል። ኩባ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተቋርጦ ምግብ ሲጠፋ፣ በሃቫና የነበሩ ባዶ መሬቶችን ለሚያርስ ሁሉ ያለ ክፍያ የመጠቀም መብት ሰጥታ ነበር። የአርጀንቲናዋ ሮሳሪዮም ከኢኮኖሚው ቀውስ በኋላ፣ ከ2002 ጀምሮ፣ ሥራ ያጡ ነዋሪዎች ክፍት ቦታዎችን እንዲያለሙ ሕጋዊ መንገድ ከፍታለች። በሁለቱም ቦታ መሬቱ ሳይሸጥ ሰው ተረጋግቶ ለመትከል የሚበቃ ዋስትና አገኘ።

ሦስተኛው መንገድ የትብብር ስምምነት ነው። የጣሊያኗ ቦሎኛ በ2014 ያወጣችው ደንብ ነዋሪዎች ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተፈራርመው አደባባይ፣ መናፈሻ ወይም ባዶ ሕንፃ እንዲንከባከቡ ያስችላል፤ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ መሣሪያ ማን እንደሚያቀርብ፣ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ይሰፍራል። ሌሎች በርካታ የጣሊያን ከተሞች ይህንኑ ደንብ ወስደው ሠርተውበታል። ከሁሉም የምወድለት ነገሩን ከባለሥልጣን መልካም ፈቃድ ማውጣቱን ነው። አንድ ደግ ኃላፊ የሰጣችሁን ቃል ተተኪው አያውቀውም።

ጠንካራው የማኅበረሰብ የመሬት አደራ ነው። መሬቱ በነዋሪዎች በሚመራ ማኅበር ስም ለዘለቄታው ይያዛል፤ በላዩ ያለው ቤት ሊሸጥ ሊከራይ ይችላል፣ መሬቱ ግን ወደ ገበያ አይወጣም። የቦስተኑ ዱድሊ ስትሪት አካባቢ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በ1984 ነዋሪዎቹ ሲደራጁ በሠፈሩ 1,300 ያህል ባዶ መሬቶች ነበሩ፤ አንዳንዱ በእሳት ከወደሙ ቤቶች የተረፈ፣ አንዳንዱ ከሌላ ቦታ በጭነት መኪና እየመጣ ቆሻሻ የሚደፋበት። የመጀመሪያው ዘመቻቸው ቆሻሻ መድፋቱን ማስቆም ነበር። በ1988 ከተማው ባለቤቶቻቸው ችላ ያሏቸውን መሬቶች ካሳ ከፍለው የሚወስዱበትን ሥልጣን ለእነሱ ሰጠ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ሥልጣን ያገኘ የመጀመሪያው የነዋሪዎች ድርጅት ነው። ያን መሬት በአደራ ማኅበር ስም ይዘው ቤት፣ መናፈሻና የእርሻ ቦታ አደረጉበት። ወደዚህ ለመድረስ ዓመታት፣ ጠበቃና ብዙ ስብሰባ ያስፈልጋል። ከተቻለ ግን የሚበልጠው የለም።

ማጽዳት ብቻውን ለውጥ ያመጣል?

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። በፊላደልፊያ ተመራማሪዎች 541 ባዶ መሬቶችን በዕጣ በሦስት ከፈሉ፦ አንዱ ክፍል ሙሉ እንክብካቤ አገኘ፤ ሌላው ቆሻሻው ብቻ ተነሣለት፤ ሦስተኛው እንዳለ ቀረ። ሙሉ እንክብካቤ የተባለው ብዙ አይደለም። ቆሻሻውን ማንሣት፣ መሬቱን መደልደል፣ ሣርና ጥቂት ዛፍ መትከል፣ ሰው የሚገባበት ክፍተት ያለው ዝቅተኛ የእንጨት አጥር ማድረግ፣ ከዚያም በየጊዜው እየመጡ ማጨድ ነው። በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት በእነዚህ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች የሚሰማቸው የመደበት ስሜት በ41.5 በመቶ ቀነሰ። ከድህነት ወለል በታች በሆኑት ሠፈሮች የጠመንጃ ጥቃት በ29 በመቶ ወረደ። ቆሻሻው ብቻ በተነሣበት ክፍል ግን በነዋሪዎቹ የአእምሮ ጤና ላይ የጎላ ለውጥ አልታየም።

የአንድ ቀን የጽዳት ዘመቻ የሚወዱ ሰዎች ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ጓንትና ቲሸርት የሚያድል፣ ፎቶ የሚያነሣ ድርጅት ማግኘት ቀላል ነው። በስድስተኛው ወር ሣሩን የሚያጭደው ማን ነው?

ከየት እንጀምር?

ከጠርዙ። መንገደኛ የሚያየው የፊት ለፊቱ ሁለት ሜትር ከተስተካከለ ቆሻሻ የሚጥለው ሰው ያመነታል። ከመካከል የጀመረ ሥራ ግን ወራት ቢወስድም ከውጭ ስለማይታይ ቆሻሻው መምጣቱን አያቆምም። ዝቅተኛ አጥር ከረጅም ይሻላል፤ ጭነት መኪናን ይከለክላል፣ ሰውን አይከለክልም፣ ከውስጥ ምን እንደሚደረግም አይሸፍንም።

ሰዎች በእግራቸው የሠሩትን አቋራጭ መንገድ አትዝጉ። ብትዘጉት አጥሩን ይጥሱታል፣ አበባውንም ይረግጡታል። እዚያው ላይ ድንጋይ አንጥፉበትና የቀረውን በዙሪያው አቅዱ። ከዚያ ውኃ። ውኃ ሳይገኝ ችግኝ ማምጣት ችግኙን ለመግደል መዘጋጀት ነው፤ ከጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ ዝናብ የሚሰበስብ ታንከር ብዙ ቡድኖችን አድኗል። መቀመጫ በጥላ ሥር አድርጉ፤ ያለ መቀመጫ የታደሰ ቦታ ሰው አልፎት ይሄዳል።

አፈሩ ተበክሎ ቢሆንስ?

ተበክሏል ብላችሁ ጀምሩና ምርመራው ያስተባብላችሁ። በአሮጌ ከተማ ቦታ ላይ በብዛት የሚገኘው እርሳስ ነው፤ ከድሮ ቀለምና ከድሮ ቤንዚን የመጣ ነው፣ አይበሰብስም፣ ከመሬቱ የላይኛው ክፍልም በቀላሉ አይለቅም። በተለይ የሚጎዳው ትንንሽ ልጆችን ነው። ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ፣ የቆዳ ፋብሪካ ወይም የባትሪ መሸጫ የነበረበት ቦታ ሌሎች መርዞችም ሊኖሩት ስለሚችል ላቦራቶሪው ምን እንዲፈልግ ለመንገር የቦታውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንድ ጥግ ብቻ አፈር አትውሰዱ፤ ብክለት በአንድ ግቢ ውስጥም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደለም። የተለመደው መፍትሔ በነባሩ አፈር ላይ ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ አንጥፎ፣ ከላይ ከሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ንጹሕ አፈር በያዘ ከፍ ያለ መደብ ውስጥ መዝራት ነው። የመደቡን ጠርዝ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨት አትሥሩት፤ የተነከረበት ኬሚካል ራሱ መርዝ ነው። በመተላለፊያዎቹ ላይ የእንጨት ስብርባሪ ወይም ጠጠር አልብሱ፤ አቧራው በእጅና በጫማ ወደ ቤት ይገባልና። አጠራጣሪ በሆነ አፈር ላይ እንደ ቲማቲም ያሉ ፍሬ የሚሰጡ ተክሎች ከቅጠላ ቅጠልና ከሥራ ሥር ይሻላሉ።

«ሱፍ ብንተክል እርሳሱን መጥጦ ያወጣዋል» የሚለው ምክር በየቦታው ይነገራል። እርሳስ በአፈሩ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ተክሎች የሚወስዱት እጅግ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ በዚህ መንገድ አንድን ግቢ ለማጽዳት የሚወስደው ጊዜ ከአባላቱ ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ሱፉን ለውበቱ ትከሉት።

ከባድ ኢንዱስትሪ የነበረበት ቦታ ግን ከነዋሪዎች አቅም በላይ ነው። በሲያትል በ1956 የተዘጋው የጋዝ ፋብሪካ በ1975 መናፈሻ ሆኖ ቢከፈትም የብክለቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት መሐንዲሶችን ሲያሠራ ቆይቷል። የጀርመኗ ዱይስበርግ ብረት ማቅለጫ በ1985 ከተዘጋ በኋላ የመናፈሻውን ዲዛይን የሠራው ፒተር ላትስ ሁሉን ጠርጎ ከመጣል ይልቅ በጣም የተበከለውን አሽጎ እዚያው በማስቀመጥ ምድጃዎቹን የመናፈሻው አካል አደረጋቸው። እንዲህ ባለ ቦታ የነዋሪዎች ድርሻ ግፊት ማድረግና ዕቅዱን መከታተል ነው፤ አካፋ ይዞ መግባት አይደለም።

ቦታው ሕንፃ ቢሆንስ?

ጣሪያውን እዩ። ጣሪያው የያዘ ቤት ዓመታት ይጠብቃችኋል፤ ውኃ የሚያስገባ ቤት ግን በየክረምቱ ከእጃችሁ እየወጣ ነው። ስለዚህ ውሉ እስኪፈረም ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ጣሪያውን በሸራ እንኳ ብትሸፍኑ ትልቅ ሥራ ሠርታችኋል። መሐንዲስ ሳያየው ማንንም አታስገቡ። አሮጌ የጣሪያ ክዳን፣ የቧንቧ መጠቅለያና የወለል ንጣፍ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። እንዲህ ያለውን መስበር፣ መጋዝ ወይም መጥረግ የለባችሁም፤ በባለሙያ ይነሣል።

ከሕንፃ ምሳሌዎች ሁሉ የሊቨርፑሉን ግራንቢ ሠፈር አስቀድማለሁ። በ1981 በአካባቢው ከተነሣው ረብሻ በኋላ ቤቶቹ እየተገዙ ለመፍረስ ተዘጋጁ፤ በሠፈሩ አራት መንገዶች ላይ የቀሩት ጥቂት ነዋሪዎች ነበሩ። የሚያፈርሱባቸውን ማስቆም ባልቻሉበት ጊዜ የሚችሉትን አደረጉ። መንገዱን ጠረጉ፣ በየበሩ ተከሉ፣ የተቸነከሩትን መስኮቶች ቀለም ቀቡ፣ በወር አንድ ጊዜ ገበያ አቆሙ። በ2011 የመሬት አደራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከዚያ በኋላ ነው «አሰምብል» የተባለው የወጣት አርክቴክቶች ቡድን የመጣው። አብረው ያደሷቸው አሥር ቤቶች ዝናቸው ወጥቶ ቡድኑ በ2015 የእንግሊዝን ትልቅ የሥነ ጥበብ ሽልማት፣ የተርነር ሽልማትን፣ አገኘ። ዜናው ስለ አርክቴክቶቹ አወራ። ቤቶቹን ከግሬደር ያዳነው ግን ከሽልማቱ ብዙ ዓመት በፊት የተጀመረው መጥረጊያና የአበባ ማሰሮ ነው።

ስንት ሰው ያስፈልጋል?

አንድ የሚጽፍ፣ አንድ የሚያውቅ፣ አንድ የሚያስተባብር፣ ሦስት በየሳምንቱ የሚመጡ። ስድስት ሰው ከበቂ በላይ ነው። ስልሳ ሰው የተገኘበት ስብሰባ አያኩራራችሁ።

ገንዘቡስ?

ለመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ማግኘት ከሁለተኛው ዓመት ይቀላል፤ ለጋሾች አዲስ ነገር መክፈት ይወዳሉ፣ ለመጥረጊያ መግዣ አይሰጡም። ስለዚህ በጀቱን ስታወጡ የጥገናውን ወጪ አስቀድማችሁ አስቡ። በናይሮቢ ኪቤራ «ኩንኩይ» የተባለው ድርጅት ከነዋሪዎች ጋር በወንዝ ዳር ያሉ የቆሻሻ ቦታዎችን ወደ ሕዝብ መገልገያነት ሲለውጥ ከጅምሩ ገቢ የሚያስገኙ ትንንሽ ሥራዎችን አብሮ ያቅዳል፤ መጸዳጃ ቤት፣ የውኃ መሸጫ፣ የጓሮ አትክልት፣ የሚከራይ ክፍል። ገቢው ለእንክብካቤ ይውላል፤ የሚያስተዳድሩትም የአካባቢው ማኅበራት ናቸው።

ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ጠብ የሚነሣው በዚህ ነው፤ በገንዘብ ከሚነሣው ይበልጣል። የጋራ ሀብትን ሰዎች እንዴት ሳይጨርሱት እንደሚያስተዳድሩ በማጥናት በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም የተመለከተቻቸው የዓሣ ማስገሪያዎች፣ የግጦሽ መሬቶችና የመስኖ ቦዮች ነበሩ። ያገኘችው ግን ለከተማ ግቢም ይሠራል። ማን አባል እንደሆነ በግልጽ ይታወቅ፤ ደንቡን የሚያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ይሁኑ፤ ተቆጣጣሪው ከመካከላቸው የተመረጠ ይሁን፤ ቅጣቱ በትንሹ ጀምሮ ይደግ፤ የሚጣሉ ሰዎች በቅርብና በርካሽ የሚዳኙበት ቦታ ይኑር። በተግባር ሲታይ፣ ቁልፉ ቢያንስ በሦስት ቤት ይሁን፣ ያዦቹም በየዓመቱ ይቀየሩ። ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውል ትጉህ ሰው ሳይታወቀው የቦታው ጌታ ይሆናል። ያለ እሱ ሥራው አይሄድም፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ሌሎች አይመጡም። አመስግኑት፣ ቁልፉን ግን አካፍሉ።

እዚያ የሚያድሩ ሰዎች ካሉስ?

ከማንም በፊት ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ። «ሠፈሩን እናጽዳ» የሚለው ቃል ሰውን ጭምር መጥረግ ከሆነ ሥራው ጦም ያደረ ቦታን ማልማት አልሆነም፤ አቅም የሌለውን ከአቅም የለሽ መጠለያው ማስወጣት ሆነ። በብዙ ቦታ የሌሊት ጥበቃውንና የውኃ ማጠጣቱን በክፍያ የያዙት አስቀድመው እዚያ የነበሩት ናቸው፤ ቦታውን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሁልጊዜ አይሳካም። ማደሪያ ለሌለው ሰው መናፈሻ ማደሪያ አይሆንለትምና ከማኅበራዊ አገልግሎት ጋር መነጋገር ይኖርባችኋል።

ሲያምር ኪራይ ተወድዶ እኛኑ ቢያስወጣንስ?

ይደርሳል። በኒው ዮርክ በ1980 የመጨረሻው ባቡር ያለፈበትን ከመሬት ከፍ ያለ ሐዲድ ከመፍረስ ለማዳን ሁለት የአካባቢው ሰዎች በ1999 ማኅበር መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ2009 ሃይ ላይን በሚል ስም መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። ጎብኚው በሚሊዮን ተቆጠረ፣ በዙሪያው የቅንጦት አፓርትመንቶች በቀሉ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኋላ ላይ በይፋ የተናገረው ቁም ነገር በአቅራቢያው በመንግሥት ቤቶች የሚኖሩትን «ዲዛይኑ ምን ይምሰል» ከማለት ይልቅ «ምን እናድርግላችሁ» ብለን መጠየቅ ነበረብን የሚል ነው።

በዚያው ከተማ በ1999 አስተዳደሩ ከመቶ በላይ የማኅበረሰብ የአትክልት ስፍራዎችን ለጨረታ ሊያወጣ ነበር፤ ሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በመጨረሻ ሰዓት ገዝተው አዳኗቸው። ነዋሪዎቹ ሃያ ዓመት ያለሙት መሬት በወረቀት የእነሱ አልነበረም። ስለዚህ ቦታው ከማማሩ በፊት ውሉን አጠንክሩ። ዋጋው ከወጣ በኋላ ማንም በረጅም ጊዜ አይፈርምላችሁም። በአካባቢው ያሉ ተከራዮችን የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ መጠየቅም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ አትክልት ብቻ የሚተክል ቡድን ይህን ለሌላ ሰው ይተወዋል፣ ሌላ ሰው ግን የለም።

የበርሊን ነዋሪዎች ደግሞ ድምፅ ሰጡ። በ2008 የተዘጋው የቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከ300 ሄክታር በላይ የሆነው፣ በ2010 ለሕዝብ ተከፈተ። ከተማው በጠርዞቹ ላይ ሊገነባ ሲያቅድ በ2014 በሕዝበ ውሳኔ ተከለከለ። ሕዝብ ለአራት ዓመት ብስክሌት ሲነዳበትና ሲተክልበት ስለቆየ ክርክሩ በካርታ ላይ ስላለ ባዶ መሬት ሳይሆን በእግሩ ስለሚያውቀው ሜዳ ነበር።

ለጊዜው ብቻ የሚሰጥ ቦታ ድካሙን ይመጥናል?

የሚነቀል ነገር ከሠራችሁ አዎ። ከ2010ና ከ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በኒው ዚላንዷ ክራይስትቸርች መሐል ከተማው በአብዛኛው ሜዳ ሆነ። «ጋፕ ፊለር» የተባለ ቡድን ባለንብረቶች እስኪገነቡ ድረስ ባዶዎቹን እየተዋሰ ይጫወትባቸው ጀመር። በሳንቲም የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ወደ ሙዚቃ ማጫወቻነት ለውጠው የዳንስ ወለል አነጠፉ፤ ዕቃ ከሚጫንባቸው የእንጨት ርብራቦች የተሠራ የትርኢት ቦታም አቆሙ። ባለንብረቱ ሲመጣ ይነሡና ወደ ሌላ ባዶ ቦታ ይሄዳሉ።

በርሊን ውስጥ በ2009 የተጀመረው የፕሪንትሴሲነንጋርተን የአትክልት ስፍራ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ተክሉ ሁሉ በሳጥንና በጆንያ ውስጥ ነበር፤ በኋላ አብዛኛው ሥራ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን መቃብር ስፍራ ሲዛወር የሚጫን ነገር እንጂ የሚቆረጥ ነገር ብዙ አልነበረውም።

ዲዛይነር መቅጠር አለብን?

ለውኃ ፍሳሽ፣ ለግንብና ለኤሌክትሪክ አዎ። ለቀረው ከአንድ ዓመት በኋላ ጠይቁ፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀውን ታውቁታላችሁ።

ሁሉም ቦታ መልማት አለበት?

አይደለም። በበርሊን ደቡብ ከ1952 ጀምሮ የተዘጋ የባቡር መናኸሪያ ሰው ሳይነካው ወደ ጫካ ተለወጠ። ባለሥልጣናት ዛፎቹን ቆርጠው እንደገና ለባቡር ሊያደርጉት ሲያስቡ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ በ2000 የተፈጥሮ ፓርክ ሆኖ ተከፈተ። የተደረገለት ጥቂት ነገር ነው፤ ሐዲዶቹ ከነዝገታቸው ቀሩ፣ ጥብቅ በሆነው ክፍል ጎብኚው ከመሬት ከፍ ባለ የብረት መተላለፊያ ላይ ብቻ ይሄዳል። ወደ ቦታችሁ ስትገቡ ምን እንደበቀለና ምን ወፍ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ይግባ። ሁሉን ነቅሎ ሣር ማልበስ ከመተውም የባሰ ሊሆን ይችላል።

ባለቤቱ «መልሱልኝ» ቢለንስ?

ይህን ቀን ውሉ ውስጥ ቀድማችሁ ጻፉት፦ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ስንት ወር እንደሆነ፣ ምን ነቅላችሁ እንደምትወስዱ፣ ለምን ነገር ካሳ እንዳለ፣ ቦታውን በምን ሁኔታ እንደምታስረክቡ። ማስጠንቀቂያው ከአንድ የሰብል ወቅት አይነስ፤ ዛፍ ካለ ማዛወር የሚቻለው እድገቱ በሚቆምበት ወቅት ነውና ይህም ይጠቀስ። በገባችሁበት ቀን ቦታውን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሡና ባለቤቱ ቀኑን ጽፎ እንዲፈርምበት አድርጉ፤ ስትወጡ «አበላሽታችሁታል» የሚል ክርክር ቢነሣ የሚያያችሁ ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያን ፎቶ ነው።